ናኖቴክኖሎጂ በምሕንድስና፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ናኖቴክኖሎጂ ሲነሳ አድማጩ ብዙ ጊዜ ለሁለት ይከፈላል። አንዱ በደም ሥር ውስጥ የሚዋኝ ሮቦት ይታየዋል፤ ሌላው ነገሩን ሁሉ የማስታወቂያ ወሬ አድርጎ ይተወዋል። ከታች ያሉት ጥያቄዎች ከሁለቱም ወገን የሚመጡ ናቸው። አንዳንዱን በሰፊው መልሻለሁ፤ አንዳንዱ ከሁለት መስመር በላይ አያስፈልገውም። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ናኖሜትር ምን ያህል ነው? ቁጥሩን አውቀዋለሁ፤ መጠኑ ግን አይታየኝም።

የአንድ ሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። አንድ ሚሊሜትርን ሚሊዮን ቦታ ብትከፍሉት አንዱ ድርሻ ማለት ነው። እንዲህ ሲነገር ግን ለማንም አይታይም፤ ስለዚህ እኔ የምጠቀመው ጥፍርን ነው። የጣት ጥፍር በሰከንድ በግምት አንድ ናኖሜትር ያድጋል። ይህን መስመር አንብባችሁ እስክትጨርሱ ጥፍራችሁ በጥቂት ናኖሜትር ረዝሟል።

ለማነጻጸር ያህል፣ የሰው ጸጉር ዘለላ ውፍረት ከ80,000 እስከ 100,000 ናኖሜትር ይሆናል፤ ቀይ የደም ሕዋስ 7,000 ገደማ፣ የዲኤንኤ ጥምዝ 2፣ አንድ የወርቅ አቶም ደግሞ 0.3 ገደማ ስፋት አላቸው። በምሕንድስና "ናኖ" የሚባለው ቢያንስ በአንድ በኩል ከ1 እስከ 100 ናኖሜትር የሚለካ ነገር ነው። መቶ ላይ ተፈጥሮ ያጠረችው አጥር የለም፤ ሰዎች ለመግባባት ያሰመሩት መስመር ነው። 110 ናኖሜትር የሆነ ቅንጣት ባሕርዩን ድንገት አይተውም።

ናኖሳይንስና ናኖቴክኖሎጂ ይለያያሉ?

ይለያያሉ። ናኖሳይንስ "እዚያ መጠን ላይ ምን ይሆናል፣ ለምንስ ይሆናል?" ብሎ ይጠይቃል። ናኖቴክኖሎጂ መልሱን ይዞ አንድ ዕቃ ይሠራበታል። አንድ ግራም ሠርቶ ማሳየት ሳይንስ ነው፤ ያንኑ ነገር አንድ ቶን፣ ሁልጊዜ አንድ ዓይነት አድርጎ፣ ገዢ በሚችለው ዋጋ ማውጣት ምሕንድስና ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ብዙ ሰው ከሚያስበው በላይ ሰፊ ነው፤ ከታች ደጋግሜ የምመለሰውም ወደዚሁ ነው።

ወርቅ ወርቅ ነው። ማሳነሱ ብቻውን ባሕርዩን እንዴት ይቀይራል?

ከጥያቄዎቹ ሁሉ ይህኛውን እወደዋለሁ፤ ይህ ከገባችሁ የቀረው ሁሉ ዝርዝር ነው። ምክንያቶቹ በዋናነት ሁለት ናቸው።

የመጀመሪያው ገጽ ነው። ጎኑ አንድ ሴንቲሜትር የሆነ ኩብ እንውሰድ። የስድስቱ ገጾች ድምር 6 ካሬ ሴንቲሜትር ነው፤ ከአንድ ቴምብር ብዙም አይበልጥም። ያንኑ ኩብ፣ ክብደቱ ሳይጨምር ሳይቀንስ፣ ጎናቸው አንድ ናኖሜትር ወደሆኑ ኩቦች ብንከታትፈው የገጾቹ ድምር 6,000 ካሬ ሜትር ይሆናል። የእግር ኳስ ሜዳ ለማከል ትንሽ ነው የሚቀረው። ኬሚካላዊ ለውጥ የሚካሄደው ደግሞ ገጽ ላይ ነው። 3 ናኖሜትር ስፋት ባለው የወርቅ ቅንጣት ውስጥ ግማሽ ያህሉ አቶሞች ውጭ ላይ ናቸው። ውጭ ያለ አቶም በአንድ በኩል ጎረቤት ስለሌለው እጁ ባዶ ነው፤ ያገኘውን ለመያዝ ዝግጁ ነው። አያያዙም የላላ ነው። በጣታችን ቀለበት ላይ ያለው ወርቅ ለመቅለጥ 1,064 ዲግሪ ሴልሺየስ ይፈልጋል፤ የጥቂት ናኖሜትር ቅንጣት ግን ከዚያ በመቶዎች ዲግሪ ዝቅ ብሎ ይቀልጣል። ይህ ለምርምር ጽሑፍ ማሳመሪያ የተገኘ ዕውቀት እንዳይመስላችሁ። ብር የሚቀልጠው በ962 ዲግሪ ነው፤ በብር ናኖቅንጣቶች የተሠራ ቀለም ግን በፕላስቲክ ላይ ታትሞ 200 ዲግሪ በማይሞላ ሙቀት ቅንጣቶቹ ገጽ ለገጽ ይጣበቁና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ መስመር ይሆናሉ። ፕላስቲኩ ሳይቀልጥ በላዩ የብር ሽቦ ተሳለበት ማለት ነው።

ሁለተኛው ኤሌክትሮን ነው። ኤሌክትሮን የሞገድ ባሕርይ አለው፤ የሚኖርበት ክፍል ከሞገዱ ጋር ሲቀራረብ እንደ ልቡ መሆን አይችልም፤ የሚፈቀዱለት የኃይል ደረጃዎች ይራራቃሉ፤ በተራራቁ ቁጥርም የሚወጣው ብርሃን ከቀይ ወደ ሰማያዊ ይሄዳል። ካድሚየም ሴሌናይድ የተባለው ሰሚኮንዳክተር (ኤሌክትሪክን በከፊል የሚያስተላልፍ ነገር) 2 ናኖሜትር ገደማ ሲሆን ሰማያዊ፣ 6 ገደማ ሲሆን ቀይ ብርሃን ይሰጣል። ንጥረ ነገሩ ያው ነው፤ የተቀየረው መጠኑ ብቻ ነው። እነዚህ ቅንጣቶች ኳንተም ዶት ይባላሉ፤ ዛሬ በቴሌቪዥን ማያ ውስጥ አሉ። ላገኟቸውና ላሻሻሏቸው ለሙንጊ ባዌንዲ፣ ለሉዊስ ብሩስና ለአሌክሴይ ኤኪሞቭ የ2023 የኬሚስትሪ ኖቤል ሽልማት ተሰጥቷል።

አንድ መሐንዲስ ቀድሞ የተለየ ባሕርይ ሲፈልግ የተለየ ማቴሪያል ይፈልግ ነበር። አሁን ማቴሪያሉን ይዞ መጠኑን መቀየር ይችላል። የዘርፉ ቁም ነገር ይኸው ነው።

ማን ጀመረው?

ሳያውቁት የጀመሩት ብዙ ናቸው። በብሪቲሽ ሙዚየም በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን የተሠራ የሮማውያን የመስታወት ጽዋ አለ፤ ሊከርገስ ጽዋ ይባላል። ብርሃን ከፊት ሲያርፍበት አረንጓዴ፣ ከውስጥ ሲበራበት ቀይ ነው። ምስጢሩ በመስታወቱ ውስጥ የተበተኑ፣ ከመቶ ናኖሜትር የሚያንሱ የወርቅና የብር ቅንጣቶች ናቸው። ባለሙያው ያየው ቀለሙን እንጂ ቅንጣቱን አልነበረም። ማይክል ፋራዴይ በ1857 ቀይ የወርቅ ፈሳሽ አዘጋጅቶ ቀለሙ የመጣው ከቅንጣቶቹ ማነስ መሆኑን ተናገረ። ፈሳሹን የያዙት ብልቃጦች ዛሬም ለንደን ውስጥ ተቀምጠዋል።

አውቆ የመሥራቱ ሐሳብ ብዙውን ጊዜ ለፊዚክስ ሊቁ ሪቻርድ ፋይንማን ይሰጣል። በታኅሣሥ 29 ቀን 1959 በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ባደረገው ንግግር አቶምን አንድ በአንድ አንስቶ ማስቀመጥን የሚከለክል የተፈጥሮ ሕግ እንደሌለ ተናገረ። በዚያው ዕለት ሁለት ሽልማቶች አቀረበ፤ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር ነበር። አንዱ እያንዳንዱ ጎኑ ከአንድ ኢንች 64ኛ ለማይበልጥ ሞተር ነው። በዓመቱ ዊልያም ማክሌላን የሚባል መሐንዲስ ሞተሩን ሠርቶ መጣ፤ የሠራው ግን በተለመዱ ትንንሽ የእጅ መሣሪያዎች ነበር። ፋይንማን አዲስ የአሠራር ዘዴ እንዲወለድ ነበር የፈለገው፤ የተወለደው የአንድ ባለሙያ ትዕግሥት ብቻ ሆነ። ገንዘቡን ግን ከፈለ። "ናኖቴክኖሎጂ" የሚለውን ቃል ያወጣው ፋይንማን አይደለም፤ በ1974 ጃፓናዊው ኖሪዮ ታኒጉቺ ነው።

ነገሩ ከንግግር ወደ ሥራ የተሻገረው በ1981 ነው። ጌርድ ቢኒግና ሃይንሪክ ሮረር ዙሪክ በሚገኘው የአይቢኤም ቤተ ሙከራ የአንድን ገጽ አቶሞች ለይቶ የሚያሳየውን ስካኒንግ ተነሊንግ ማይክሮስኮፕን ሠሩ፤ በአምስት ዓመት ውስጥ ኖቤል አገኙበት።

በዓይን የማይታይን ነገር እንዴት ያዩታል?

አያዩትም፤ ይዳስሱታል። የተለመደው ማይክሮስኮፕ በብርሃን ይሠራል፤ ብርሃን ደግሞ ከሞገዱ ግማሽ በታች፣ ማለትም ከ200 ናኖሜትር ገደማ በታች ያለን ነገር ለይቶ አያሳይም። ቢኒግና ሮረር መመልከቱን ትተው ጫፏ እስከ አንድ አቶም የሾለች የብረት መርፌ ከናሙናው ገጽ በላይ አንድ ናኖሜትር እንኳ በማይሞላ ርቀት ላይ አንሳፈፉ። በዚያ ርቀት ኤሌክትሮኖች ክፍተቱን ዘለው ይሻገራሉ። ርቀቱ በአንድ አቶም ስፋት ሲቀየር የሚያልፈው ኤሌክትሪክ በብዙ እጥፍ ይለዋወጣል፤ መርፌዋ እየወጣች እየወረደች ስትሄድ የገጹ ካርታ ይሳላል። ዓይነ ስውር ሰው በጣቱ ፊት እንደሚለይ ማለት ነው። በ1989 ዶናልድ አይግለር በዚሁ መሣሪያ 35 የዜኖን አቶሞችን እየገፋ የመሥሪያ ቤቱን ስም ሦስት ፊደላት ጻፈ። ለዚህም እጅግ ከፍተኛ ቅዝቃዜ አስፈልጎታል፤ አለዚያ አቶሞቹ በተቀመጡበት አይቆዩም።

በ1986 የመጣው አቶሚክ ፎርስ ማይክሮስኮፕ ኤሌክትሪክ የማያስተላልፉ ነገሮችንም ስለሚዳስስ ዛሬ በብዙ ፋብሪካዎች የጥራት መቆጣጠሪያ ክፍል ይገኛል።

እንዴት ይመረታል?

ወይ ከትልቅ ጀምሮ በመቅረጽ፣ ወይ ከአቶምና ከሞለኪውል ጀምሮ በማሳደግ። ቀራጩ መንገድ ቺፕ የሚሠራበት ነው። አሳዳጊው የቅንጣት ዱቄቶች፣ የናኖቲዩቦች (የካርቦን ጥቃቅን ቧንቧዎች) እና የስስ ሽፋኖች መንገድ ነው። ከአሳዳጊዎቹ እኔን የሚያስደንቀኝ ፊንላንዳዊው ቱኦሞ ሱንቶላ በ1974 ያዘጋጀው ዘዴ ነው። አንድ ጋዝ ወደ ክፍሉ ይገባል፤ ገጹ ላይ አንድ ድርብ ብቻ ይይዝና ይቆማል፤ የተረፈው ተጠርጎ ይወጣል፤ ሁለተኛው ጋዝ ገብቶ ከመጀመሪያው ጋር ይዋሐዳል። በእያንዳንዱ ዙር የሚጨመረው ውፍረት 0.1 ናኖሜትር አካባቢ ነው። ውፍረት መለካት ቀርቶ ዙር መቁጠር ብቻ ይበቃል።

በሁለቱም መንገድ ችግሩ ማሳነሱ አይደለም። ትንንሾቹን እንዳይጓጎሉ ማድረግ ነው። ዱቄት ውሃ ውስጥ ሲጨመር እንዴት እንደሚጓጎል ያያችሁ ሰዎች፣ ናኖቅንጣት ከዚያ በብዙ ይብሳል። ያ ሁሉ ገጽ እርስ በርሱ መያያዝ ይፈልጋል። እኔ ራሴ መጀመሪያ ጊዜ የሲሊካ ናኖዱቄት ከኤፖክሲ (ሲደርቅ የሚጠነክር ሙጫ) ጋር ስቀላቅል ጥንካሬው ይጨምራል ብዬ ነበር፤ የደረቀውን ናሙና ስሰብረው ስብራቱ ላይ በዓይን የሚታዩ ነጫጭ ነጥቦች አገኘሁ። ናኖ ብዬ የጨመርኩት ዱቄት አሸዋ ሆኖ ጠበቀኝ። ጥንካሬውም ምንም ካልተጨመረበት ኤፖክሲ አነሰ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ ጉብታ የስንጥቅ መነሻ ነበር። መፍትሔው የቅንጣቱን ገጽ ከኤፖክሲው ጋር በሚስማማ ሞለኪውል መሸፈንና በድምፅ ሞገድ መበተን ነው። ይህን ሥራ የሚዘል ሻጭ የሚሸጠው ውድ አሸዋ ነው።

"3 ናኖሜትር ቺፕ" ሲባል ምኑ ነው 3 ናኖሜትር?

ምኑም። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የቺፕን ስም ግን የሚያወጣው የገበያ ክፍል ነው። ድሮ ቁጥሩ በእርግጥ የትራንዚስተሩን፣ ማለትም በቺፑ ውስጥ ኤሌክትሪክን የሚከፍተውንና የሚዘጋውን ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያ፣ አንድ ልኬት ያመለክት ነበር። በ1971 የወጣው ኢንቴል 4004 በ10 ማይክሮሜትር፣ ማለትም በ10,000 ናኖሜትር አሠራር 2,300 ትራንዚስተሮች ይዟል። ከጊዜ በኋላ ቁጥሩ ከልኬቱ ተላቀቀ። በዛሬው "3 ናኖሜትር" ቺፕ ላይ አንድ የሽቦ መስመር ከቀጣዩ ጋር ያለው ርቀት እንኳ ከ20 ናኖሜትር ይበልጣል። ቁጥሩን እንደ ትውልድ ስም ውሰዱት፤ ልኬት ነው ብላችሁ በማስመሪያ አትፈልጉት።

ይህን ስል ግን ሥራውን ማሳነሴ አይደለም። መስመሮቹን ለመሳል የሚያገለግለው ብርሃን የሞገድ ርዝመቱ 13.5 ናኖሜትር ነው፤ አየር እንኳ ስለሚውጠው መሣሪያው በባዶ ክፍል ውስጥ ይሠራል። ብርሃኑ የሚገኘው እንዲህ ነው፦ የቀለጠ ቆርቆሮ ጠብታዎች በሰከንድ 50,000 ያህል ይንጠባጠባሉ፤ እያንዳንዷ ጠብታ በጉዞ ላይ እያለች በሌዘር ትመታና ወደ ጋለ ፕላዝማ (ኤሌክትሮኖቹ የተላቀቁበት ጋዝ) ትቀየራለች፤ ፕላዝማው ያንን ብርሃን ይተፋል። መስታወትም ሆነ ሌንስ ብርሃኑን ስለሚውጡት የሚመራው ከሞሊብዲነምና ከሲሊከን በናኖሜትር ውፍረት በተደራረቡ መስተዋቶች ነው፤ በእያንዳንዱ መስተዋት ላይ ሲነጥር ሢሶው ገደማ ይጠፋል። ይህን መሣሪያ ለገበያ የሚያቀርበው የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው።

መሳሳት ደግሞ ወሰን አለው። ኤሌክትሪክ እንዳያሾልክ በትራንዚስተሩ በር ሥር የሚነጠፈው የሲሊከን ኦክሳይድ ሽፋን እየሳሳ 1.2 ናኖሜትር ሲደርስ፣ ማለትም የጥቂት አቶሞች ውፍረት ሲሆን፣ ኤሌክትሮኖች ግድግዳውን እንደሌለ ቆጥረው ያልፉት ጀመር። ማይክሮስኮፑን የወለደው ዝላይ ራሱ እዚህ ጠላት ሆነ። ኢንቴል በ2007 መፍትሔ አድርጎ ያመጣው ሽፋኑን ይበልጥ ማሳሳት አልነበረም፤ ሃፍኒየም ወዳለበት ማቴሪያል ቀይሮ አወፈረው።

ግራፊንና ካርቦን ናኖቲዩብ ሁሉን ነገር ይተካሉ ተብሎ ነበር። የት ደረሱ?

ግራፊን አንድ አቶም ውፍረት ያለው የካርቦን ንጣፍ ነው። በ2004 አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ በማንቸስተር ዩኒቨርሲቲ ለዩት፤ መሣሪያቸው ተለጣፊ ፕላስተር ነበር። ከግራፋይት ላይ ለጥፈው ይልጣሉ፣ የተላጠውን እንደገና ይልጣሉ፣ አንድ ንጣፍ እስኪቀር። በ2010 የፊዚክስ ኖቤል አገኙ። ናኖቲዩብ ያው ንጣፍ እንደ ቧንቧ ሲጠቀለል የሚገኘው ነው፤ ሱሚዮ ኢጂማ በ1991 ባወጣው ጽሑፍ ዓለም አወቀው።

ጥንካሬያቸው ሐሰት አይደለም። እንከን የሌለው ግራፊን በ2008 ሲለካ እስከ 130 ጊጋፓስካል ተቋቁሟል፤ ከምርጥ ብረቶች በብዙ አሥር እጥፍ ይበልጣል። ወሬው የተሳሳተው ከዚህ በኋላ ነው። የተለካው ከጸጉር ዘለላ ስፋት ያነሰ ቁራጭ ነበር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ የናኖቲዩብ ችግር ግን ማበሩ ላይ ነው። እያንዳንዱ ናኖቲዩብ ጠንካራ ቢሆንም ገጹ ለስላሳ ስለሆነ፣ ሚሊዮኖቹ ተፈትለው ክር ሲሆኑ እርስ በርስ ይንሸራተታሉ። ክሩ የሚበጠሰው በናኖቲዩቡ ጥንካሬ ልክ ሳይሆን በመያያዣው ድካም ልክ ነው። እስከ 36,000 ኪሎሜትር ከፍታ የሚዘረጋ የጠፈር አሳንሰር ገመድ በቅርቡ አትጠብቁ።

ያ ማለት ግን ከሽፈዋል ማለት አይደለም። ናኖቲዩብ ዛሬ ብዙ የሚሸጠው ማንም ትኩረት በማይሰጠው ቦታ ነው፤ በሊቲየም ባትሪ ውስጥ ኤሌክትሪክን እንዲያስተላልፍ በጥቂቱ የሚጨመር ጥቁር ዱቄት ሆኖ። ፎቶግራፉ አያምርም፤ ሥራው ግን የእውነት ነው።

መኪና ውስጥ ናኖቴክኖሎጂ አለ?

ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። የመኪና ጎማ ለምን ጥቁር እንደሆነ ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? የተፈጥሮ ጎማ ጥቁር አይደለም። ጥቁር ያደረገው የጥላሸት ዱቄት ነው፤ ቅንጣቶቹ አሥርና ከዚያ በላይ ናኖሜትር ሆነው እንደ ወይን ዘለላ የተያያዙ ናቸው። ያለ ጥላሸት የተሠራ ጎማ መንገድ ላይ ቶሎ ተበልቶ ያልቃል። ያኔ "ናኖ" የሚል ቃል ስላልነበረ ማንም ናኖ ጎማ ብሎ አልሸጠውም።

በጭስ ማውጫው ውስጥ ያለው ካታሊስትም (ጎጂ ጋዞችን የሚቀይረው ክፍል) እንዲሁ ነው። ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ውድ ናቸው፤ ጥቂት ናኖሜትር ወደሆኑ ቅንጣቶች ተበትነው ብዙ ቀዳዳ ባለው የሴራሚክ ገጽ ላይ ስለተቀመጡ ጥቂት ግራም ብቻ ይበቃል። የካታሊስቱ እርጅናም ከዚሁ ይመነጫል፦ በሙቀት ብዛት ቅንጣቶቹ እየተንቀሳቀሱ ይዋሐዱና ይተልቃሉ። ብረቱ በቦታው አለ፤ የጠፋው ገጹ ነው።

አንድ ተጨማሪ ምሳሌ የቶዮታ ተመራማሪዎች ሥራ ነው። 1 ናኖሜትር ውፍረት ያላቸውን የሸክላ አፈር ቅጠሎች ፈልቅቀው በናይለን ውስጥ በተኗቸው። ከአምስት በመቶ በማይበልጥ ሸክላ ናይለኑ በጭነት ሥር መጉበጥ የሚጀምርበት ሙቀት ከ65 ዲግሪ ወደ 150 አካባቢ ከፍ አለ፤ ከዚያ በኋላ የሞተር ክፍል ውስጥ ሽፋን ሆኖ ገባ።

ግንባታ ላይስ?

ሲሚንቶ በውሃ ሲጠነክር የሚፈጠረው ማያያዣ ራሱ በናኖ መጠን የተዋቀረ ስለሆነ እያንዳንዱ ግንበኛ ሳያውቀው የዘርፉ ባለሙያ ነው። ናኖሲሊካ ሲጨመር ክፍተቶቹን ይሞላል፤ ለተጨማሪ ማያያዣም መነሻ ይሆናል። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ግን ውሃ ይሻማል፤ ቅይጡ ይደርቃል፤ ያለ ማለስለሻ ኬሚካል ማፍሰስ ያስቸግራል። ለተራ ወለል ከሆነ ገንዘባችሁን በጥሩ አሸዋና በአግባቡ ውሃ በማጠጣት ላይ አውሉት።

ይበልጥ የሚማርከኝ ኤሮጄል ነው። ሳሙኤል ኪስትለር በ1931 የሠራው ይህ ነገር ከ90 በመቶ በላይ አየር ነው፤ በእጅ ሲይዙት የቀዘቀዘ ጭስ የያዙ ያህል ይቀላል። ሙቀትን ከቆመ አየር እንኳ በተሻለ ይከላከላል። በአብዛኛው አየር የሆነ ነገር ከአየር እንዴት ይበልጣል? የአየር ሞለኪውል ከሌላው ጋር ሳይጋጭ የሚሄደው ርቀት በአማካይ 70 ናኖሜትር ገደማ ነው። የኤሮጄሉ ቀዳዳዎች ከዚያ ይጠብባሉ። ሞለኪውሉ ሙቀቱን ለጓደኛው ከማቀበሉ በፊት ከግድግዳው ጋር ይላተማል። በአንድ ቁጥር ላይ የቆመ ምሕንድስና ማለት ይህ ነው።

ራሱን የሚያጸዳ መስታወትም እውነት ነው። ስስ የቲታኒየም ዳይኦክሳይድ ሽፋን በፀሐይ ብርሃን ቆሻሻውን ይሰባብራል፤ ዝናብ ጠርጎ ይወስደዋል። ዝናብና ፀሐይ በማያገኝ መስኮት ላይ ግን ጥቅም የለውም፤ ሻጩ ይህን ላይነግራችሁ ይችላል።

ባትሪ ለምን ናኖ ይፈልጋል?

ርቀት ለማሳጠር ነው። ሊቲየም አዮን በቅንጣቱ ውስጥ አቋርጦ ለመውጣት የሚፈጅበት ጊዜ ከርቀቱ ካሬ ጋር ያድጋል፤ ቅንጣቱ በአሥር እጥፍ ቢያንስ ጊዜው በመቶ እጥፍ ያጥራል። በ1997 ከጆን ጉድኢናፍ ቡድን የወጣው ሊቲየም አይረን ፎስፌት ርካሽና እሳትን የማይጠራ ቢሆንም ኤሌክትሪክ የማስተላለፍ ችሎታው ደካማ ነበር። ቅንጣቱ ወደ ናኖ ወርዶ በካርቦን ሲሸፈን ብዙ የኤሌክትሪክ መኪናዎችን የሚያንቀሳቅስ ባትሪ ሆነ። ሲሊከን ደግሞ ሊቲየም ሲውጥ ወደ አራት እጥፍ ያብጥና ይሰነጣጠቃል፤ ከ150 ናኖሜትር በታች የሆነ የሲሊከን ቅንጣት ግን ሳይሰነጠቅ ያብጣል።

ውሃን ለማጣራትስ?

ጨው ከባሕር ውሃ የሚለየው ሜምብሬን (ስስ የማጣሪያ ንጣፍ) ሥራውን የሚሠራበት ሽፋን ውፍረት መቶ ናኖሜትር ገደማ ነው። ከዚያ ላላ ያለው ናኖፊልትሬሽን ቀዳዳዎቹ 1 ናኖሜትር አካባቢ ሲሆኑ ቫይረስንና ውሃን የሚያከብዱ ጨዎችን ይይዛል፤ ተራውን የገበታ ጨው ግን በአብዛኛው ያሳልፋል። ስለዚህ "ናኖ ማጣሪያ" ከመግዛታችሁ በፊት ከውሃችሁ ምን ማውጣት እንደምትፈልጉ እወቁ።

ሕክምናም የምሕንድስና ጉዳይ ነው?

ቤት ውስጥ የሚደረገውን የእርግዝና ምርመራ ውሰዱ። ብዙውን ጊዜ በላዩ የምትታየው ቀይ መስመር ወርቅ ናት። ፀረ እንግዳ አካል የተለጠፈባቸው፣ 40 ናኖሜትር ገደማ የሆኑ የወርቅ ቅንጣቶች ከሽንቱ ጋር ወረቀቱን ተከትለው ይሄዳሉ፤ ሆርሞኑ ካለ መስመሯ ላይ ተይዘው ይከማቻሉ፤ ሲከማቹ ይቀላሉ። ፋራዴይ በብልቃጥ ያየው ቀለም ነው። ባትሪ የለም፣ ማሽን የለም፣ ንባቡን የሚያነበው ዓይን ብቻ ነው። ከዘርፉ ሥራዎች ሁሉ ይህን የሚስተካከል ውበት ያለው ጥቂት ነው። ለኮቪድ የተዘጋጁት የኤምአርኤንኤ ክትባቶችም መቶ ናኖሜትር ገደማ በሆኑ የስብ ቅንጣቶች ተጠቅልለው ካልገቡ ሰውነት ወዲያው ያፈርሳቸዋል።

ሮቦቱስ? ብረት ለበስ ሰርጓጅ መርከብ በደም ሥር ውስጥ የለም። በዚያ መጠን ውሃ እንደ ማር ይወፍራል፤ መቅዘፊያም አይሠራም።

ለጤና አደገኛ ነው?

"ናኖ አደገኛ ነው" ማለት "ዱቄት አደገኛ ነው" እንደማለት ነው። የትኛው ዱቄት? የት የገባ? በማቴሪያል ውስጥ ተጣብቆ የደረቀ ናኖቅንጣት ያን ያህል አያስጨንቅም። የሚያስጨንቀው በአየር ላይ የሚበን ደረቅ ዱቄት ነው፤ ወደ ሳንባ ጥልቅ ክፍል ይዘልቃል፤ የሚያጋጥመውም በይበልጥ ሠራተኛውን ነው።

በ2008 የወጣ ጥናት ረጃጅምና ግትር ካርቦን ናኖቲዩቦች በአይጥ ሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ እንደ አስቤስቶስ ያለ ጉዳት ማስከተላቸውን አሳየ፤ አጫጭሮቹና የተጠማዘዙት ያን አላደረጉም። ቅርጽ ዋጋ አለው ማለት ነው። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ በ2014 አንዱን የናኖቲዩብ ዓይነት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል ብሎ መደበ። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነት ተቋም በ2013 ለሠራተኛ የመከረው የካርቦን ናኖቲዩብ ጣሪያ በአንድ ኪዩቢክ ሜትር አየር ውስጥ 1 ማይክሮግራም ነው። የአውሮፓ ኅብረትም በ2022 ቲታኒየም ዳይኦክሳይድን ከምግብ ቀለምነት አገደ።

ስለዚህ በቤተ ሙከራ የምትሠሩ ከሆነ ደረቅ ዱቄት በክፍት ጠረጴዛ ላይ አትመዝኑ። ከተቻለ በፈሳሽ የተበተነውን ግዙ፤ አለዚያ አየር በሚስብ ሳጥን ውስጥ ሥሩ። የወረቀት አፍ መሸፈኛ አይበቃም። የፈሰሰውን በእርጥብ ጨርቅ አንሱ እንጂ አትጥረጉት።

"ናኖ" የሚል የተለጠፈበት ዕቃ ልግዛ?

ሻጩን ሦስት ነገር ጠይቁት፦ ቅንጣቱ ምንድን ነው? መጠኑ ስንት ነው? ከዕቃው ጋር እንዴት ነው የተያያዘው? የመጨረሻውን ብዙዎች አይመልሱም። በብር ናኖቅንጣት የተነከሩ ካልሲዎች ሽታ ይከላከላሉ ተብለው ይሸጣሉ፤ አንዳንዶቹ በጥቂት እጥበት ብሩን ለእጣቢው ያስረክባሉ። ለመኪና ቀለም የሚሸጠው "ናኖ ሽፋን" ውሃን ማንከባለሉ እውነት ሊሆን ይችላል፤ በጠጠር እንዳይጫር ያደርጋል የሚለውን ግን አትመኑ፤ ያን የሳሳ ነገር ጠጠር አያቆምም።

ከዚህ ሁሉ አንዱን እንኳ በቤቴ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። በብርጭቆ ውስጥ ንጹሕ ውሃ ሙሉና በጨለማ ክፍል ውስጥ የእጅ ባትሪ ከአንድ ጎን አብሩበት። ጨረሩ ውሃው ውስጥ ያለፈበት መንገድ እምብዛም አይታይም። አሁን ስቡ የወጣለት ወተት ሁለት ሦስት ጠብታ ጨምሩና አማስሉ። መንገዱ ወዲያው ይበራል። በውስጡ ያሉት የወተት ፕሮቲን እንክብሎች ከመቶ እስከ ሁለት መቶ ናኖሜትር ገደማ ናቸው፤ አንድ በአንድ አይታዩም፤ ብርሃኑን ግን ይበትናሉ። ከጎን ስታዩት ሰማያዊ ነገር ይኖረዋል፤ ዞር ብላችሁ በብርጭቆው ውስጥ ባትሪውን ፊት ለፊት ስታዩት ደግሞ ወደ ብርቱካናማ ያደላል፤ አጭር ሞገድ ያለው ሰማያዊው በመንገድ ላይ ይበልጥ ተበትኖ ቀርቷልና። ጠብታ እየጨመራችሁ ቀጥሉ። የሆነ ቦታ ላይ ቀለሙ ሁሉ ይጠፋና ብርጭቆው ነጭ ይሆናል።